የሰው ዒላማ



ዒላማ መምታት ለሙስሊሙ ታሪክ እንግዳ ነገር አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሐባዎቻቸው ቀስት እንዲለማመዱ ያበረታቱ እንደነበር፣ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስም (ረ.ዐ) በቀስተኛነታቸው የታወቁ እንደነበሩ በየመድረሳው የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በኋለኛው ዘመንም ሱልጣን ሙሐመድ አል-ፋቲሕ እ.ኤ.አ በ1453 ቁስጥንጥንያን ከከፈቱ በኋላ በከተማይቱ ለቀስተኞች የተከለለ ሰፊ ሜዳ አቋቁመዋል። በዚያ ሜዳ ላይ ፍላጻው እጅግ የራቀለት ሰው፣ ምስክሮች ባረጋገጡለት ቦታ ላይ መታሰቢያ ድንጋይ ይቆምለት ነበር። ከእነዚያ ድንጋዮች ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ በኢስታንቡል ይታያሉ።

ዛሬ ግን ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ቀስት አይደለም፤ ስለ ጠብመንጃ ነው። ስለ ጦርነትም አይደለም፤ ስለ ውድድር ነው። ባለ ታሪኮቹ ሙስሊሞች አይደሉም፤ ቦታውም ከእኛ ባሕር ማዶ ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ከተከታተላችሁት የእያንዳንዳችንን ቤት የሚያንኳኳ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እኔንም አንኳኩቶኛል፤ እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

በጥንቱ ጠብመንጃ ሩቅ ዒላማ መምታት የማይታሰብ ነበር። የአፈሙዙ ውስጠኛ ክፍል ልሙጥ ስለነበረ ድብልብሉ እርሳስ እየተንገጫገጨ ይወጣና ጥቂት ከሄደ በኋላ ወዴት እንደሚያዘነብል አይታወቅም ነበር። መፍትሔው የተገኘው በአፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ በመቅደድ ነው። ጥይቱ ያንን ቦይ ተከትሎ እየተሽከረከረ ሲወጣ፣ ልጆች የሚጫወቱበት እንዝርት እየተሽከረከረ ሳለ እንደማይወድቅ ሁሉ እርሱም አቅጣጫውን ይዞ ይጓዛል። ይህ ዘዴ ከረጅም ጊዜ በፊት የታወቀ ቢሆንም ድብልብሉ እርሳስ ቀርቶ ሾጣጣ ጥይት በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ሩቅ መተኮስ ጥበብም፣ ውድድርም ሆነ።

በእንግሊዝ አገር ብሔራዊ የጠብመንጃ ማኅበር የተባለው በ1859 ተቋቋመ። በሚቀጥለው ዓመት ጁላይ 2 ቀን 1860 በዊምብልደን ሜዳ የመጀመሪያው ውድድር ሲከፈት ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው በ400 ያርድ፣ ማለትም በ366 ሜትር ርቀት ላይ ወዳለው ዒላማ ተኮሱ፤ ጥይቱም ከመሐሉ አጠገብ አረፈ። ልብ በሉ፤ ጠብመንጃው አስቀድሞ በባለሙያ ተነጣጥሮ ከብረት መደገፊያ ጋር ታስሮ ነበር። የንግሥቲቱ ድርሻ የሐር ገመድ መሳብ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድና የአየርላንድ ተኳሾች ኤልኮ ጋሻ ለሚባል ሽልማት እስከ 1,000 ያርድ በሚደርስ ርቀት ይፎካከሩ ጀመር። አንድ ሺህ ያርድ 914 ሜትር ነው። ዘጠኝ ያህል የእግር ኳስ ሜዳዎች ከዳር እስከ ዳር ተቀጣጥለው ቢዘረጉ ነው የሚሞላው። በ1873 ይህን ጋሻ አየርላንዶች ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፉ። የቡድናቸው አለቃ አርተር ሊች በድሉ ተበረታትቶ በኒውዮርክ ጋዜጣ አማካይነት ለአሜሪካ ተኳሾች የግጥሚያ ጥሪ አቀረበ።

የክሪድሙር ሜዳ

አሜሪካኖቹ በዚያን ጊዜ በዚህ ሙያ ጀማሪዎች ነበሩ ማለት ይቻላል። ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ የወታደሩ የአተኳኮስ ችሎታ ደካማ መሆኑን የታዘቡ መኮንኖች በ1871 የራሳቸውን ብሔራዊ የጠብመንጃ ማኅበር መሠረቱ፤ ከእነዚህም አንዱ ጆርጅ ዊንጌት ነበር። ማኅበሩ ከኒውዮርክ ከተማ ወጣ ብሎ በሎንግ አይላንድ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ የነበረ እርሻ በ1872 አገኘ። ቤተሰቡ ክሪድ ይባል ስለነበረ ሜዳው ክሪድሙር ተባለ፤ በ1873ም ተኩስ ተጀመረበት። ስለዚህ የአየርላንዶች ጥሪ ሲደርስ ሜዳው ገና አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ በሺህ ያርድ ርቀት የተለማመደ ሰውም በጣት የሚቆጠር ነበር።

የሆነ ሆኖ አንድ አነስተኛ የተኳሾች ክበብ ጥሪውን ተቀበለ። በወራት ውስጥ ሬሚንግተንና ሻርፕስ የተባሉት ሁለቱ የጠብመንጃ ፋብሪካዎች ለዚሁ ውድድር የሚሆኑ መሣሪያዎችን አዘጋጁ። የእነርሱ ጠብመንጃ ጥይት የሚጎርሰው ከኋላ በኩል ሲሆን፣ የአየርላንዶቹ ግን የደብሊኑ ጠብመንጃ ሠሪ ጆን ሪግቢ የሠራው በአፈሙዙ በኩል የሚጎርስ ነበር። በዘመኑ ብዙ አዋቂዎች ለሩቅ ተኩስ የሚታመነው በአፈሙዝ የሚጎርሰው ነው ይሉ ነበር። ሪግቢም ሠርቶ ብቻ አልተቀመጠም፤ ራሱ ከስድስቱ ተኳሾች አንዱ ሆኖ ተሰለፈ። በአሜሪካ በኩልም የሬሚንግተን ፋብሪካ ባለሙያ የነበረው ሌዊስ ሄፕበርን እንዲሁ አደረገ።

በነገራችን ላይ ሬሚንግተን የሚለው ስም ለአገራችን ታሪክም ባዕድ አይደለም። የግብጹ ኸዲቭ እስማዒል ጦር የታጠቀው የዚሁ ፋብሪካ ጠብመንጃ ነበርና በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራዕ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦር ሲሸነፍ ብዙ ሬሚንግተን ተማርኮ በአገራችን ቀርቷል። መሣሪያው በክሪድሙር ለውድድር ይዋል እንጂ ሥራው ውድድር ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

መስከረም 1874

ውድድሩ የተደረገው ሴፕቴምበር 26 ቀን 1874 ነው። ሕዝቡ በባቡር እየመጣ በሺዎች ተሰበሰበ። ሕጉ እንዲህ ነበር፦ ከእያንዳንዱ ወገን ስድስት ሰው፤ እያንዳንዱ ሰው በ800፣ በ900 እና በ1,000 ያርድ 15፣ 15 ጥይት ይተኩሳል። ጠብመንጃው ከ10 ፓውንድ፣ ማለትም ከ4.5 ኪሎ ግራም በላይ መመዘን የለበትም። ማጉያ መነጽር አይፈቀድም።

ዒላማው ወደ 3.6 ሜትር ስፋትና 1.8 ሜትር ቁመት ያለው የብረት ሰሌዳ ነበር። እምብርቱ በየጎኑ 91 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥቁር አራት ማዕዘን ነው። እምብርቱን የመታ 4 ነጥብ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን የመታ 3፣ ዳሩን የመታ 2 ያገኛል፤ የሳተ ምንም አያገኝም። 91 ሳንቲ ሜትር ትልቅ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ነገር ግን ከ914 ሜትር ላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው፣ ከዓይናችን አንድ ሜትር ርቆ ከተቀመጠ የአንድ ሚሊ ሜትር ነጥብ አይበልጥም።

በዚያ ላይ ነፋሱ አለ። የዚያን ዘመን ከባድ እርሳስ ሺህ ያርዱን ለመጨረስ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከጎን የሚመጣ መጠነኛ ነፋስ ጥይቱን ከአንድ ሜትር በላይ ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ ተኳሹ ሰንደቅ ዓላማው እንዴት እንደሚውለበለብ፣ ሣሩ ወዴት እንደሚያጋድል፣ ሙቀቱ እንዴት እንደሚርገበገብ እያየ ማነጣጠሪያውን በጥቂት በጥቂቱ ያስተካክላል። አንዳንዱ በሆዱ ተኝቶ፣ አንዳንዱም እንደ ሄንሪ ፉልተን በጀርባው ተንጋሎ ጠብመንጃውን በእግሩ ላይ አስደግፎ ይተኩስ ነበር።

በ800 ያርድ አሜሪካኖቹ 326፣ አየርላንዶቹ 317 አገኙ። በ900 ያርድ አሜሪካኖቹ 310፣ አየርላንዶቹ 312 አገኙ። ከመጨረሻው ርቀት በፊት ልዩነቱ ሰባት ነጥብ ብቻ ነበር።

የሚልነር ጥይት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመልሳችሁ።

ከአየርላንዶቹ አንዱ ሚልነር ይባላል። ጀማሪ አይደለም፤ በዕለቱ ከ180 ነጥብ 154 ያገኘ የተመሰከረለት ተኳሽ ነው። በውድድሩ መካከል ተራው ደርሶ ተኛ፤ አነጣጠረ፤ ነፋሱን ለካ፤ ትንፋሹን ያዘ፤ ቃታውን ሳበ። ጥይቱም ሄዶ እምብርቱን መታ። ከዚያ በላይ የሚያምር ተኩስ ሊኖር አይችልም ነበር።

ነገር ግን የመታው የራሱን ዒላማ አልነበረም። ሰሌዳዎቹ ጎን ለጎን የቆሙ፣ በመልክም አንድ ዓይነት ነበሩ። ሚልነር ያነጣጠረው ለእርሱ በተመደበው ላይ ሳይሆን በሌላው ላይ ነበር። ሕጉም ግልጽ ነው፦ በሰው ዒላማ ላይ ያረፈ ጥይት እንደ ሳተ ይቆጠራል። በነጥብ መዝገቡ ላይ በሚልነር ስም አንጻር ዜሮ ተጻፈ።

ውድድሩ ቀጠለ። በ1,000 ያርድ አየርላንዶቹ ብርቱ ሆነው ልዩነቱን እያጠበቡ መጡ፤ እንዲያውም አልፈው ሄዱ። አየርላንዶቹ ጥይታቸውን ሲጨርሱ ድምራቸው 931 ሆነ። አሜሪካኖቹ 930 ላይ ነበሩ፤ የቀራቸውም አንድ ጥይት ብቻ ነው። እርሷም የጆን ቦዳይን ናት። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ቦዳይን ጥሙን ሊቆርጥ የያዘው የዝንጅብል ለስላሳ ጠርሙስ ፈንድቶ እጁን ቆርጦት ደሙ ይፈስ ነበር። ቁስሉን በመሐረብ ጠቅልሎ ተኛ። ከሳተ አገሩ በአንድ ነጥብ ይሸነፋል፤ ዳሩን እንኳ ከመታ ያሸንፋል። ሕዝቡ ጸጥ አለ። ተኮሰ። ጥይቱ ከብረቱ ጋር ሲጋጭ ድምፁ ተመልሶ ተሰማ፤ እምብርቱን መትቶ ነበር። ውጤቱ 934 ለ931 ሆነ።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ እስቲ ቀላል ስሌት አብረን እናስላ። የሚልነር ጥይት በራሱ ዒላማ ላይ አርፎ ቢሆን 4 ነጥብ ነበረው። 931 ላይ 4 ሲደመር 935 ይሆናል። አሜሪካኖቹ 934። ባሕር አቋርጠው የመጡት አየርላንዶች በአንድ ነጥብ ያሸንፉ ነበር ማለት ነው!

ይሁንና ፍርድ እንዳናዛባ አንድ ነገር እንጨምር። ስድስቱ አየርላንዶች ሁሉንም ጥይት እምብርቱ ላይ ቢያሳርፉ 1,080 ያገኙ ነበር። ያገኙት 931 ነው፤ ስለዚህ 149 ነጥብ ጎድሎባቸዋል። ከዚህ ውስጥ በዚያች በአንዷ ጥይት የጎደለው 4 ብቻ ነው። የቀረው 145 የስድስቱም ነው። ከቡድኑ ውስጥ ከሚልነር ያነሰ ነጥብ ያገኙም ነበሩ። ታሪክ ግን የሚያነሳው የሚልነርን ስም ነው። በየቤታችንና በየማኅበራችን አንድ ነገር ሲበላሽ የሁላችንንም ጉድለት ሰብስበን ስሕተቱ ጎልቶ በታየ በአንድ ወንድማችን ትከሻ ላይ የምንጭን ሰዎች ይህችን ስሌት ብናስታውሳት መልካም ነው።

አየርላንዶቹስ ምን አደረጉ? ውጤቱን ተቀበሉ። ጥይቱ እምብርት መትቷልና ይቆጠርልን ብለው አልተሟገቱም። አለቃቸው አርተር ሊችም በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ተኳሾች መወዳደሪያ የሚሆን የብር ዋንጫ አበረከተ። ዋንጫው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ተኳሾችም ይወዳደሩበታል። በሚቀጥለው ዓመት 1875 አሜሪካኖቹ ወደ ደብሊን ሄደው በድጋሚ ገጠሙ፤ በዚያም አሸነፉ። ክሪድሙር ግን ብዙ አልቆየም። በ1890 መሬቱ ለኒውዮርክ መስተዳድር ተመለሰ፤ የተኩሱ ውድድርም ወደ ሌላ ቦታ ዞረ። በ1912 በዚያ መሬት ላይ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ተከፈተ። ሰንደቅ ዓላማው፣ ጭብጨባው፣ የብረቱ ድምፅ ሁሉም አለፈ። ዱንያ እንዲህ ናት።

በሌላው ቁጥር ላይ

እኔን ይህ ታሪክ ለምን እንዳንኳኳኝ እነግራችኋለሁ ብያችሁ ነበር።

የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ስወስድ ሒሳብ የምወደው ትምህርት ነበር። መልስ የሚሰጠው በተለየ ወረቀት ላይ ትክክለኛውን ፊደል በእርሳስ በማጥቆር ነው። አንድ ጥያቄ ከበደኝና በኋላ እመለስበታለሁ ብዬ ዘለልኩት። በመልስ ወረቀቱ ላይ ግን ቦታውን መዝለል ረሳሁ። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ፣ የአሥራ ስምንተኛው መልስ በአሥራ ሰባተኛው፣ የአሥራ ዘጠነኛው በአሥራ ስምንተኛው ቦታ እየሆነ እስከ መጨረሻው ሄደ። የነቃሁት ፈታኙ ወረቀት መሰብሰብ ሲጀምር ነው። እያንዳንዱን አነጣጥሬ ነበር የመታሁት፤ ግን በሌላው ቁጥር ላይ።

ነጥቤ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። ይህ በራሱ ቀደር ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ወደ መድረሳ አስተማሪነት የመራኝም እርሱ ነው። የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ቤት ገብቼ ለእናቴ የነገርኳት፣ ፈታኙ ሰዓቱ ሳይደርስ ወረቀቴን ነጥቆኝ ነው ብዬ ነበር። ሰውየው ምንም አላደረገኝም። እናቴ ግን አመነችኝ። ለዓመታት ከሶላት በኋላ እጇን ዘርግታ በማታውቀው ሰው ላይ «የልጄን ሐቅ አላህ ያውጣልኝ» እያለች ስትለምን እሰማ ነበር። እየሰማሁም ዝም እል ነበር።

የሚልነርን ታሪክ ያነበብኩት አስተማሪ ከሆንኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ባሕር የተሻገረ ቡድን ለአንድ ጥይት ብሎ ሳይሟገት ዜሮውን እንደ ተቀበለ ሳነብ፣ የእኔ ዜሮ ለማን ስም እንደተጻፈ አሰብኩ። ለፈታኙ ነበር የጻፍኩለት። በዚያው ሰሞን ሄጄ ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «ታዲያ አሁን አፉ በለኝ ለማለት ያንን ሰው የት አገኘዋለሁ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሞተችበት ድረስ ለዚያ ሰው መልካም ዱዓ ታደርግለት ነበር። አላህ ይዘንላት።

ለወላጆች አንድ ቃል

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ።

አንደኛው፣ ከመተኮስ በፊት ዒላማው የማን እንደሆነ መጠየቅ ነው። በጎናችን የቆመው ሰሌዳ የእኛን ይመስላል። የጎረቤት ልጅ ሐኪም ሆነ ተብሎ እጁ ለእንጨት ሥራ የተፈጠረውን ልጅ በኬሚስትሪ የምናስጨንቅ፣ የእገሌ ሠርግ እንዲህ ነበር ተብሎ በብድር የምንደግስ፣ እኛ ነን። ልፋታችን እውነተኛ ነው፤ ላባችንም እውነተኛ ነው፤ አንዳንዴም እምብርቱን እንመታለን። በስማችን አንጻር ግን የሚጻፍ ነገር የለም። በመድረሳችን እንደምናስተምረው ቂብላው ጠፍቶበት፣ ጠይቆና አቅሙን አሟጦ ከሰገደ በኋላ የተሳሳተ ሰው ዑዝር አለው። የሚያውቅ ሰው አጠገቡ እያለ ሳይጠይቅ ወደ መሰለው የዞረ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ስለዚህ ልጆቻችንን ከመምራታችን በፊት ልጆቻችንን እንጠይቅ።

ሁለተኛው፣ ስተን ስንገኝ ዜሮውን በራሳችን ስም ማስጻፍ ነው። ልጆቻችሁ በፈተና ወድቀው ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት ፊታችሁን ነው። ፊታችሁ ካስፈራቸው እኔ ያደረግሁትን ያደርጋሉ፤ ጥፋቱን የሚሸከም ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። እናንተም ሳታውቁ በንጹሕ ሰው ላይ እጃችሁን ትዘረጋላችሁ። እውነቱን የተናገረ ልጅ ቤት ውስጥ ቦታ እንዳለው ያየ ልጅ ግን ለመዋሸት ምክንያት የለውም።

በቀስተኞቹ ሜዳ የቆሙት ድንጋዮች ምስክር የተገኘላቸው ብቻ ናቸው ብለናል። በእኛ ላይም ምስክር አለ። አላህ ዒላማችንን የምናውቅ፣ ስንስትም «እኔ ነኝ» የምንል ያድርገን። ወቢላሂ ተውፊቅ።